ድርቆሽና እንጀራ የአንድ ስኳር ልጆች ናቸው

ኅዳር ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ቀለሙን ይቀይራል። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣው ሣር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ድርቆሽ ሆኖ ይከመራል። በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ወዲያ የወረደ ሰው ክምሩን ግራና ቀኝ እያየ ነው የሚያልፈው። እናቴ የምትኖረው እዚያው ነው። ሁለት ላሞች አሏት። ጓሮዋ ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ። ለበዓል ጠላ ትጠምቃለች፤ እንጀራዋንም እስከ ዛሬ ራሷ ትጋግራለች።

በቀደም የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። 11ኛ ክፍል ነው። እናቴ ምጣድ ላይ ናት። ከምጣዱ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይነዳል። ደጅ ላሟ ድርቆሽ ታመነዥካለች። ልጁ ሲያይ ቆየና ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ላሟ ድርቆሽ በልታ ወተት ትሰጣለች። እኛስ ድርቆሽ ብንበላ ለምን አንጠግብም?»

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። አጭሩ መልስ ይኸው። ድርቆሹም፣ እንጀራውም፣ ከምጣዱ ሥር የሚነደው እንጨትም በብዛት የተሠሩት ከአንድ ስኳር ነው። ስሙ ግሉኮስ ነው። ሐኪም ቤት በክንድ የሚሰጠው ያው ግሉኮስ። እናቴ የለበሰችው ነጠላ እንኳ ግሉኮስ ነው፤ ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ የግሉኮስ ሰንሰለት ነውና። ታዲያ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ልብስ፣ አንዱ ማገዶ የሚሆነው ለምንድን ነው? በቅርጽ ምክንያት ነው። ያንን ቅርጽ ያወቀው ሰው በዓይኑ አላየውም። በዘመኑ እሱን ማሳየት የሚችል መሣሪያ አልነበረም። በብልቃጥ እየሞከረ፣ በወረቀት ላይ እያሰላሰለ ደረሰበት። የዚህን ሰው ሥራ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ከቻልኩ የልጁ ጥያቄ አብሮ ይመለሳል።

ኤሚል ፊሸር ይባላል። በ1852 ጀርመን ውስጥ፣ ኮሎኝ አጠገብ፣ ኦይስኪርሸን በምትባል ከተማ ተወለደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው የእንጨት ንግድ እንዲለምድ ሞከሩ። አልሆነም፤ የልጁ ልብ ትምህርት ላይ ነበር። በ1871 ቦን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ አዶልፍ ፎን ባየር ከሚባለው ስመ ጥር ኬሚስት ዘንድ መማር ጀመረ። በ1874 ዶክትሬቱን ያዘ። ሥራው ስለ ማቅለሚያዎች እንጂ ስለ ስኳር አልነበረም።

በ1875 ሌላ ነገር እየሠራ ሳለ ሳያስበው አንድ አዲስ ውህድ እጁ ገባ። ፌኒልሃይድራዚን ይባላል። ያን ጊዜ ለምን እንደሚጠቅም አላወቀም። ስኳር ላይ የሞከረው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1884 ነው። ይህን ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ። አንዳንድ ግኝት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀምጦ ጥያቄውን ይጠብቃል።

ጥያቄው ምን ነበር? ስኳር ለኬሚስት ፈተና ነው። ማር የምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል። የያዘውን ሁሉ ያጣብቃል፤ ቢያሞቁት ይዝላል፣ ሲበዛበት ያራል። በዚያ ዘመን አንድ ኬሚስት የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ እንደ ጨው በጠጠር መልክ ማውጣት ነበረበት። ጠጠሩ ንጹሕ ከሆነ ይመዘናል፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ ይታያል፣ ከሌላው ይለያል። ብዙዎቹ ስኳሮች ግን ዝልግልግ ሽሮፕ ሆነው ይቀራሉ። የወይን ስኳር፣ የፍራፍሬ ስኳር፣ የወተት ስኳር እየተባሉ ስም ይሰጣቸው ነበር። በውስጣቸው ግን ማን ማን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም።

ፊሸር ስኳር ላይ ፌኒልሃይድራዚን ጨምሮ ሲያሞቀው የሚያምር ቢጫ ጠጠር ወጣ። ኦሳዞን አለው። እያንዳንዱ ኦሳዞን የራሱ የጠጠር ቅርጽ፣ የራሱ መቅለጫ ዲግሪ አለው። ዝልግልጉ ነገር ስምና መታወቂያ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሱን ግሉኮስን ላስረዳ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው። ችግሩ ይህን ቁጥር ልክ እንደሱ የያዙ ሌሎች ስኳሮች መኖራቸው ነው። ማኖስም፣ ጋላክቶስም፣ ፍሩክቶስም 6፣ 12፣ 6 ናቸው። ቤቱ የተሠራበት ጡብ ቁጥሩ እኩል ነው፤ ቤቶቹ ግን ይለያያሉ።

የጥምቀትን ሰልፍ አስቡ። አራት ዲያቆናት አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ አንድ ጥላ ይዟል። ጥላውን በቀኝ እጁ ሊይዝ ይችላል፤ በግራውም ሊይዝ ይችላል። ስንት ዓይነት ሰልፍ ሊኖር ይችላል? ሁለት በሁለት በሁለት በሁለት፤ 16። ግሉኮስም እንዲሁ ነው። ከስድስቱ ካርቦኖች መሐል ላይ ያሉት አራቱ ዲያቆናት ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ የሰልፉ ፊትና ኋላ ናቸው። ጥላው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው የሚሠሩት ቡድን ነው። የጥላው ጎን ሲቀየር ስኳሩ ሌላ ስኳር ይሆናል፤ ሰውነት ደግሞ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ካርቦን እጆቹን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሳይሆን በአራቱም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይዘረጋል የሚለውን ሐሳብ በ1874 ያቀረቡት ቫንት ሆፍና ለ ቤል የሚባሉ ኬሚስቶች ናቸው፤ ለየብቻቸው። ፊሸር ዶክትሬቱን በያዘበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ሐሳቡን ብዙዎች ገና አልተቀበሉትም ነበር። ፊሸር ግን ተቀበለው። ስኳር ደግሞ የሐሳቡ ትልቅ ፈተና ሆነ። እውነት ከሆነ እንዲህ ያሉት ስኳሮች 16 መሆን አለባቸው። ግሉኮስ ከ16ቱ የትኛው ነው?

አሁን መልሱን ልንገራችሁና አወጣጡን በኋላ እናየዋለን። ከፊት ወደ ኋላ ሲቆጠር የግሉኮስ ሰልፍ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ ነው። የማኖስ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። የጋላክቶስ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ። ግሉኮስና ማኖስ የሚለያዩት በመጀመሪያው ዲያቆን ብቻ ነው። ፍሩክቶስ ደግሞ የመጀመሪያው ዲያቆን ጥላ የለውም፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ልክ እንደ ግሉኮስ ናቸው።

የፊሸር የመጀመሪያው ፍንጭ እዚሁ ነው። ከግሉኮስ፣ ከማኖስና ከፍሩክቶስ የሠራቸው ቢጫ ጠጠሮች ሦስቱም አንድ ሆነው ተገኙ። ለምን? ፌኒልሃይድራዚን የሚይዘው የሰልፉን ፊትና የመጀመሪያውን ዲያቆን ነው። የዚያን ዲያቆን ጥላ ይነጥቀዋል። ጥላው ሲወሰድ በቀኝ ነበር ወይስ በግራ የሚለው ልዩነት ይጠፋል። ሦስቱ ስኳሮች አንድ ዓይነት ጠጠር ከሰጡ ከኋላ ያሉት ሦስት ዲያቆናት አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ነው። አንድ ነገር በማጥፋት የቀረውን አወቀ። ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ድምፄ ከፍ ይላል፤ በጣም ደስ ይለኛልና።

ሁለተኛው መሣሪያ ሰልፉን ማስረዘም ነው። ሃይንሪሽ ኪሊያኒ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ኬሚስት ሳያናይድን ተጠቅሞ ከስኳር ፊት ላይ አንድ ካርቦን መቀጠል እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። ፊሸር ያንን ወሰደና አራዘመው። አራቢኖስ የሚባል ባለ አምስት ካርቦን ስኳር አለ። ስሙን ያገኘው ከግራር ሙጫ ነው፤ ያ በእኛም ቆላ የሚለቀመው ሙጫ። አራቢኖስ ሦስት ዲያቆን አለው። አንድ ሲጨመርበት አዲሱ ዲያቆን ጥላውን በቀኝም በግራም ሊይዝ ስለሚችል ሁለት ስኳር ይወጣል። የወጡትም የግሉኮስና የማኖስ የመስተዋት ምስሎች ሆኑ። እንግዲህ ሁለቱ ስኳሮች በመጀመሪያው ዲያቆን ብቻ እንደሚለያዩ በሁለተኛ መንገድ ተረጋገጠ።

ሦስተኛው መሣሪያ ብርሃን ነው። ተራ ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል። በልዩ ማጣሪያ ሲያልፍ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል፤ በቁም ፍልጥ አጥር መካከል ቁመቱን የጠበቀ ዱላ ብቻ እንደሚያልፍ ማለት ነው። ይህ ብርሃን በስኳር ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይዞራል። ግሉኮስ ወደ ቀኝ፣ ፍሩክቶስ ወደ ግራ ያዞረዋል። ስንት ዲግሪ እንደዞረ የሚለካው መሣሪያ ፖላሪሜትር ይባላል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሞለኪውሉ ፊቱና ኋላው ተመሳሳይ፣ ግማሹ የግማሹ መስተዋት ከሆነ ብርሃኑን በጭራሽ አያዞረውም።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች አስምሩ። ከላይ ጀምራችሁ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በቀኝ አራት ነጥብ አድርጉ። ይህ ግሉኮስ ነው። ጎኑ ላይ ሌላ መስመር አስምሩና በግራ፣ በግራ፣ በቀኝ፣ በቀኝ አድርጉ። ይህ ማኖስ ነው። አሁን ወረቀቱን ገልብጡት፤ እግሩን ወደ ላይ። ማኖስ ያው ማኖስ ሆኖ ይታያችኋል። ግሉኮስ ግን ሌላ ሰልፍ ሆኗል፤ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

ፊሸር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ የገለበጠው በብልቃጥ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። የስኳሩን ሁለት ጫፎች አሲድ አድርጎ አንድ ዓይነት አደረጋቸው፤ ከዚያ ፊት የነበረውን ኋላ፣ ኋላ የነበረውን ፊት አድርጎ ወደ ስኳርነት መለሰው። ማኖስ ተገልብጦ ማኖስ ይሆናል። ግሉኮስ ሲገለበጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሌላ ስኳር ይሰጣል። ይህ ብቻውን የትኛው ግሉኮስ፣ የትኛው ማኖስ እንደሆነ ይለያል። ጋላክቶስ ደግሞ ጫፎቹ አንድ ሲሆኑ ብርሃን ማዞሩን ያቆማል። ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ ብላችሁ አስምሩት፤ ለምን እንደሆነ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

በ1891 መልሱን አሳተመ። ከዚያ በፊት በ1890 ግሊሰሮል ከሚባል ቀለል ያለ ውህድ ተነሥቶ ግሉኮስን ራሱን በላቦራቶሪ ሠርቶ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ስኳርን በሰሌዳ ላይ በቁም መስመር የምንስልበት አሳሳል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አንድ ነገር ግን በግምት ነው ያስቀመጠው። እያንዳንዱ ሰልፍ የመስተዋት ምስል አለው፤ ቀኙ ሁሉ ግራ፣ ግራው ሁሉ ቀኝ የሆነ። በተፈጥሮ ያለው ግሉኮስ ከሁለቱ የትኛው ነው? በዘመኑ መንገድ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ አንዱን መረጠና ሌሎቹን ሁሉ ከዚያ አንጻር አስቀመጠ። እውነቱ የታወቀው በ1951 ነው። ባይቮት የሚባል የኔዘርላንድስ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ በኤክስሬይ መረመሩ። የፊሸር ምርጫ ልክ ሆኖ ተገኘ። እሱ ከሞተ 32 ዓመት አልፎ ነበር።

ሌላውን ሥራውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1892 በርሊን ሄዶ ትልቁን የኬሚስትሪ ወንበር ያዘ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ስለ ስኳርና ፒዩሪን ስለሚባሉት ውህዶች ሥራው። ፒዩሪን ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በቡናችን ውስጥ ያለው ካፌይን ከዚያ ቤተሰብ ነው። ካፌይንን በ1895 በላቦራቶሪ የሠራው ፊሸር ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ፕሮቲን ዞረ፤ የፕሮቲን ጡብ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ እየቀጠለ በ1907 የ18 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሠራ። አስተማሪው ባየር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1905 ነው። ተማሪው በሦስት ዓመት ቀደመው።

የከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ያ የስኳርን በር የከፈተለት ፌኒልሃይድራዚን መርዝ ነው። ለዓመታት በእጁ ነካው፣ ትነቱን ሳበው። ቆዳውና ሆዱ ተጎዳ፤ ሕመሙ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልለቀቀውም። ሚስቱ አግነስ በተጋቡ በሰባት ዓመታቸው፣ በ1895 ሞተች። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ሁለቱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አጣ። እሱም በ1919 በርሊን ውስጥ ሞተ። የተረፈው ልጁ ሄርማን እንደ አባቱ ኬሚስት ሆነ፤ እሱም የስኳርን ነገር ያጠና ነበር።

ይህን ሳነብ ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝ ትዝ ይለኛል። ጭስ መሳቢያው የማይሠራ፣ መስኮቱ የማይከፈት ላቦራቶሪ ውስጥ የብሮሚን ትነት ሳብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ዛሬ ተማሪ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው መስኮት መክፈት ነው። ጓንት ከሌለ ሙከራው ይቀራል። ሳይንስ የሚወድ ልጅ ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ማደግ አለበት።

ወደ ድርቆሹ ለመድረስ አንድ እርምጃ ቀርቶናል። እስካሁን ግሉኮስን ቀጥ ያለ ሰልፍ አድርገን ነው ያየነው። በውሃ ውስጥ ግን ሰልፉ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ይታጠፍና ፊቱ ከኋላው ጋር ተያይዞ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ስንት አቶም እንዳለው ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ኖርማን ሃዎርዝ ነው። የዚህም ሰው ታሪክ ደስ ይላል። በ1883 ተወለደ፤ በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ አባቱ የሚያስተዳድሩት የሊኖሊየም ምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። እዚያ ያሉት ማቅለሚያዎች ወደ ኬሚስትሪ ሳቡት። በግል አስጠኚ ተምሮ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ።

የሃዎርዝ ዘዴ የአጥር ቀለም ቅብ ይመስላል። አጥር ቆሞ ሳለ ቀለም ቀቡት። ከዚያ አፍርሱት። እንጨትና እንጨት የተነካኩበት ቦታ ቀለም አልነካውም። ያንን ባዶ ቦታ አይታችሁ አጥሩ እንዴት ተጋጥሞ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሃዎርዝም በስኳሩ ላይ ያለውን ነጻ ጥላ ሁሉ ሜቲል በሚባል ቡድን ሸፈነው፤ ከዚያ ስኳሩን ሰበረው፤ ያልተሸፈነው የት እንዳለ አየ። የግሉኮስ ቀለበት አምስት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን፣ በጠቅላላ ስድስት አቶም ሆኖ ተገኘ። በ1933 ቫይታሚን ሲን ከሠሩት ኬሚስቶችም አንዱ እሱ ነው፤ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ቀለበቱ ሲዘጋ አንድ አዲስ ነገር ይመጣል። ፊት የነበረው ካርቦን ራሱ ጥላ ያዥ ይሆናል፤ አምስተኛ ዲያቆን። ጥላው ወደ ታች ከሆነ አልፋ፣ ወደ ላይ ከሆነ ቤታ ይባላል። ጠቅላላው ልዩነት ይህ ነው። ከዚህ ሌላ የለም።

አልፋ ግሉኮሶች እጅ ለእጅ ሲያያዙ ሰንሰለቱ እንደ ጥምዝ ሽቦ ይጠማዘዛል። ይህ ስታርች ነው፤ ጤፍ ውስጥ፣ ድንች ውስጥ፣ ገብስ ውስጥ ያለው። ጥምዙ ልል ስለሆነ ሲሞቅ ውሃ ይገባበታል። እናቴ ከቦካው ሊጥ ቀንሳ በፈላ ውሃ አብሲት ስትጥል የምታደርገው ይህን ነው፤ ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ሊጡን ይይዘዋል። ጤፍ የስንዴን ሊጥ የሚይዘው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ስለሌለው ይህ መያዝ ለእንጀራው ትልቅ ነገር ነው።

ቤታ ግሉኮሶች ሲያያዙ ግን አንዱ በጀርባው፣ ቀጣዩ በሆዱ እየሆነ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተኝተው በጥብቅ ይያያዛሉ። ውሃ አይገባቸውም። ይህ ሴሉሎስ ነው። ድርቆሹ፣ ባሕር ዛፉ፣ ነጠላው።

ቅርጹ ለየት ካለ የሚቆርጠውም ነገር ለየት ይላል። ይህንንም ቀድሞ የተናገረው ፊሸር ነው። በ1894 አንዱን ግሉኮስ በአልፋ፣ ሌላውን በቤታ መልክ አስሮ ኢንዛይሞች ላይ ሞከረ። ኢንዛይም ሕያዋን የሚሠሩት፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚቆርጥ ፕሮቲን ነው። የእርሾው ኢንዛይም አልፋውን ቆርጦ ቤታውን ተወው። ከለውዝ ዓይነት ፍሬ የሚገኘው ደግሞ ቤታውን ቆርጦ አልፋውን ተወው። ፊሸር ኢንዛይምና የሚቆርጠው ነገር እንደ ጓጉንቸርና ቁልፍ መግጠም አለባቸው አለ። ይህ አባባል እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። የቤቴ ቁልፍ የጎረቤቴን በር የማይከፍተው ብረቱ ስለተለየ አይደለም፤ ጥርሱ ስለተለየ ነው።

እኛ ሰዎች የአልፋ ቁልፍ አለን። ከምራቃችን ጀምሮ አለ። የቤታ ቁልፍ ግን ሰውነታችን አይሠራም። ስለዚህ ድርቆሽ ብንበላ ግሉኮሱ ሆዳችን ውስጥ ተቆልፎ ገብቶ ተቆልፎ ይወጣል። ላሟም ብትሆን ቁልፉን ራሷ አትሠራውም። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው የሚሠሩላት። እሷ ሣሩን አመንዥካ ታቀርብላቸዋለች፤ እነሱ ይከፍቱታል። በሱሉልታ ደጅ ላይ የቆመ ድርቆሽ ወተት ሆኖ አዲስ አበባ የሚገባው በነዚህ በማይታዩ ሠራተኞች ነው።

ብቅልም ያው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ገብስ ሲዘፈዘፍና ሲበቅል ቡቃያውን የሚመግብ ስኳር ስለሚፈልግ የአልፋ ቁልፍ መሥራት ይጀምራል። ልክ በዚያ ሰዓት ይደርቃል። ቡቃያው ይቆማል፤ ቁልፉ ግን ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። ጠላ ውስጥ ሲገባ የእንኩሮውን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል። ከዚያ እርሾው ስኳሩን ይበላና አልኮል ያወጣል። እርሾም መራጭ ነው። ፊሸር ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ የተለያዩ ስኳሮችን ለእርሾ አቅርቦ ነበር። የተፈጥሮውን ግሉኮስ ያቦካል፤ የመስተዋት ምስሉን አይነካውም።

የስኳር ቅርጽ ጉዳይ ከሆድም ያልፋል። ደም ስትለግሱ ኤ፣ ቢ፣ ኦ የሚባለው ልዩነት ከቀይ የደም ሴል ውጭ ላይ የተንጠለጠለ የስኳር ልዩነት ነው። የቢ ሰው ጫፉ ላይ ጋላክቶስ አለው። የኤ ሰው ያንኑ ጋላክቶስ ትንሽ ተቀጥላ ጨምሮበት ይዟል። የኦ ሰው ያ የመጨረሻው ስኳር የለውም። ሰውነት ይህችን ታህል ልዩነት አይቶ ነው የተሳሳተ ደምን እንደ ጠላት የሚዋጋው።

ከአገራችን ደግሞ እንዶድን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምተው በውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እንዶድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ቅባት የሚወድ አካል ላይ ስኳር ተያይዞበት ነው፤ አረፋውም ከዚያ ይመጣል። አንዱ ለማቶክሲን ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ፍሬው ሳይነካ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል ስኳር አለው፤ ቀንድ አውጣውን እምብዛም አይጎዳውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የተክሉ የራሱ ኢንዛይም ነጻ ይወጣና በአንዱ በኩል ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ኃይል ያገኛል። እናቶቻችን እንዶዱን ወቅጠው በውሃ ሲዘፈዝፉ ቁልፉን ከጓጉንቸሩ ጋር ያገናኙ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ በአንድ ቀን አልነገርኩትም። የዚያን ዕለት የጥምቀቱን ሰልፍ በጭቃ ላይ በጭራሮ ሳልኩለት፤ ወረቀት አልነበረንም። ማኖስን ገልብጦ ሲያየው «ያው ነው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ከምጣዷ ቀና ብላ «ምን አገኛችሁ ልጆቼ?» አለችን።

ከዚያ አንድ ሙከራ ሰጠሁት። ከድፎ ዳቦው ቁራሽ ወስዶ ሳይውጥ እንዲያኝከው ነገርኩት። ቆጠርኩለት። ሠላሳ ላይ አልተናገረም። ስልሳ ሲደርስ ዓይኑ ፈጠጠ። «ጣፈጠ፣ ጋሼ።» ስኳር አልጨመርንበትም፤ የገዛ ምራቁ ነው ያወጣው።

ወደ ላሟ ሄደና ከድርቆሹ አንዲት ሰበዝ መዘዘ። እሷንም ማኘክ ጀመረ። ብዙ ቆየ። እንጀራው ተጋግሮ አለቀ፣ ምጣዱ ተነሣ፣ እሱ አሁንም ያኝካል። በመጨረሻ ተፋትና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። እርጥብ፣ የተጨማደደች፣ ያችው ሰበዝ።